የጥቁሮች ኮሌጆችን መዛግብት ማን ስካን ያድርጋቸው? አምስት መንገዶች በንጽጽር

እ.ኤ.አ. በ2016 ዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ለደብረ ሊባኖስ ገዳም መለሰ። መጽሐፉ የገዳሙ መሆኑ በምን ታወቀ? በ1970ዎቹ፣ ገና ገዳሙ ውስጥ ሳለ፣ በማይክሮፊልም ተነስቶ ነበር። ምሁራን ፊልሙንና ሃዋርድ እጅ ያለውን ብራና አስተያዩ። ያው መጽሐፍ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ታሪክ ከልቤ አይጠፋም። አንድ ቅጂ ባለቤቱን ከንብረቱ ጋር አገናኘ። ግን ተቃራኒውም አለ። በደንብ ሳይታሰብበት የተነሳ ቅጂ ባለቤቱን በገዛ ንብረቱ ላይ እንግዳ ሊያደርገው ይችላል። ዛሬ የምጽፈው ይህ እንዳይሆን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃዋርድ አሜሪካ ውስጥ ካሉት መቶ ገደማ ታሪካዊ የጥቁሮች ኮሌጆች አንዱ ነው። በምህጻረ ቃል ኤችቢሲዩ ይባላሉ። የአሜሪካ ሕግ ከ1964 በፊት የተቋቋሙና ዋና ዓላማቸው ጥቁሮችን ማስተማር የነበረ ኮሌጆች ብሎ ይተረጉማቸዋል። ሌላው በር በተዘጋበት ዘመን የጥቁሩን ሐኪም፣ ጠበቃና አስተማሪ ያፈሩት እነሱ ናቸው። ምድር ቤታቸው ውስጥ ያሉት ሣጥኖች ደብዳቤ፣ የተማሪ ጋዜጣ፣ የምረቃ ፎቶ፣ የመዘምራን ቴፕ፣ የሰልፍ ፊልም ይዘዋል። አብዛኛው ሌላ ቦታ አይገኝም።

የእኛም ታሪክ ከዚያ ጋር የተሳሰረ ነው። ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪ ከ1922 ጀምሮ ሃዋርድ ውስጥ የአፍሪካን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያው ነው። ከጣሊያን ወረራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1934፣ የኢትዮጵያ ምርምር ካውንስልን ሲመሠርቱ ሁለቱ አብረው ነበሩ።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ለምትሠሩ፣ በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ወይም በቦርድ ውስጥ ላላችሁ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ ሦስት አራት ፕሮፖዛል ተቀምጧል። አንዱ "በነጻ ስካን እናደርግላችኋለን" ይላል። አንዱ በገጽ ይህን ያህል ክፈሉ ይላል። አንዱ ትልቅ ስም ይዞ መጥቷል። የትኛው ይፈረም?

## መጀመሪያ፦ ባለቤትነት ሲባል የቱ?

ብዙ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ደብዳቤ ላይ ሦስት የተለያዩ ባለቤትነቶች አሉ።

አንደኛው ወረቀቱ ነው። ሁለተኛው የጽሑፉ የቅጂ መብት ነው። ሦስተኛው ስካን ሲደረግ የሚፈጠረው ፋይል ነው። ሦስቱ በሦስት ሰው እጅ ሊሆኑ ይችላሉ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። በ2006 የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ 10,000 ገደማ ሰነዶች ጨረታ ሊወጡ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የአትላንታ ሰዎች ተረባርበው በ32 ሚሊዮን ዶላር አስቀሯቸው። ሰነዶቹ የሞርሃውስ ኮሌጅ ሆኑ። ኪንግ የተማሩበት ኮሌጅ ነው። የቅጂ መብቱ ግን ከኪንግ ወራሾች ጋር ቀረ። ኮሌጁ ወረቀቱን ይጠብቃል፤ ቃሉን ለማተም የሚፈቅዱት ወራሾቹ ናቸው። 32 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎም ሁለቱ ነገሮች አልተገናኙም።

በትንሹም እንዲሁ ነው። አንድ ተመራቂ በ1950 ለኮሌጁ ፕሬዚዳንት የጻፈው ደብዳቤ ኮሌጁ ሣጥን ውስጥ አለ። ወረቀቱ የኮሌጁ ነው። የጽሑፉ መብት ግን የጸሐፊው ነው። ካልታተመ፣ በአሜሪካ ሕግ ጸሐፊው ከሞተ በኋላ እስከ 70 ዓመት ይቆያል። ፎቶም ላይ እንደዚያው። ፎቶ አንሺው የኮሌጁ ደመወዝተኛ ሆኖ ለሥራው ያነሳው ከሆነ መብቱ በአብዛኛው የኮሌጁ ነው። ለአንድ ቀን የተጠራ የሰፈር ፎቶ አንሺ ከነበረ ግን በጽሑፍ ካልሰጠ በቀር መብቱ የእሱ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውን፣ ፋይሉን፣ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በ1999 ኒው ዮርክ ያለ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት በብሪጅማንና ኮሬል ክርክር አንድ ነገር ወሰነ። መብቱ ያለፈበትን ጠፍጣፋ ሥራ፣ ለምሳሌ ሥዕል፣ እንዳለ ማንሳት አዲስ የቅጂ መብት አይፈጥርም። ይህ ለኮሌጅ ሁለት ስለት አለው። ስካን ያደረገ ኩባንያ "ምስሉ የእኔ ነው" ለማለት አይመቸውም። ኮሌጁም የ1890 ፎቶውን ስካን ስላደረገ ብቻ አዲስ መብት አያገኝም። ስለዚህ አሮጌው ፎቶ ላይ ኮሌጁን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ጥራቱ ሳይቀነስ የተቀመጠውን ትልቁን ፋይል በእጁ መያዙ ነው። ሌላው ውሉ።

## በምን እንመዝናቸው?

አምስት ጥያቄዎች ይበቁናል። ዕቃው ከግቢ ይወጣል ወይ? ዋናው ፋይል፣ ማለትም ያልተጨመቀው ትልቁ፣ ማን ጋ ይቀመጣል? ውሉ ለሌላው ወገን ምን መብት ይሰጣል፣ ለስንት ዓመት፣ ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም? ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ማን ይከፍላል? በመጨረሻም፣ የአያቷን ፎቶ የምትፈልግ የልጅ ልጅ ገንዘብ ሳትከፍል ማየት ትችላለች?

አራተኛውን ጥያቄ አቅልላችሁ አትዩት። በአሜሪካ የተለመደው የደብዳቤ ወረቀት፣ በቀለም፣ በአንድ ኢንች 400 ነጥብ ስካን ሲደረግ፣ ሳይጨመቅ 45 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። 10,000 ገጽ 450 ጊጋባይት ማለት ነው። ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ሌላ ከተማ፣ ይቀመጥ ካልን 1.35 ቴራባይት ደረስን። ቪዲዮ ከተጨመረማ ሌላ ነው። ስካን አንዴ ይደረጋል፤ የማስቀመጫው ወጪ ግን በየዓመቱ ይመጣል።

## መንገድ አንድ፦ በራስ ቤት

ኮሌጁ መሣሪያ ገዝቶ፣ ሰው ቀጥሮ፣ ተማሪ አሠልጥኖ ይሠራል። ባለቤትነት ላይ የሚወዳደረው የለም። ዕቃው አይወጣም፣ ፋይሉ እቤት ነው፣ ማንም ምንም አልፈረመም። ሌላም ጥቅም አለው፣ እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው፦ ሙያው እዚያው ይቀራል። ዛሬ ስካን ያደረገችው ተማሪ ነገ የቤተ መዛግብት ባለሙያ ልትሆን ትችላለች።

ድካሙ ፍጥነቱ ላይ ነው። አንድ ሰውና አንድ መሣሪያ ሃምሳ ሣጥን ለመጨረስ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። መሣሪያ ሲገዛም መጠንቀቅ ነው። ወረቀት እየሳበ የሚያስገባው የቢሮ ስካነር አሮጌ ወረቀት ይቀድዳል፤ የተጠረዘ መጽሐፍም መስታወት ላይ ተጭኖ አይነሳም። ከላይ ካሜራ የሚሰቀልበት ማቆሚያ ይሻላል።

እውነተኛው አደጋ ግን ሥራው አንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ነው። ያ ሰው ሲለቅ የይለፍ ቃሉም አብሮ ይሄዳል። ፋይሎቹ መሳቢያ ውስጥ ባለ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆኑ ያ ዲስክ የተበላሸ ቀን ሁሉም አለቀ።

## መንገድ ሁለት፦ በክፍያ ማሠራት

በገጽ ወይም በቴፕ ሂሳብ የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ገንዘብ ከፍላችሁ ስለምታሠሩ የመብት ጥያቄው ቀላል ነው። ሥራው የእናንተ ነው፤ እነሱ አገልግሎት ሸጡ፣ አለቀ። ግን ይህ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይባል የለ።

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። በምኖርበት ከተማ ያለ ማኅበራችን የድሮ የእንቁጣጣሽ በዓል ቪዲዮ ካሴቶችን ለአንድ ሱቅ ሰጠ። የተመለሰልን ዲቪዲ ብቻ ነበር። ካሴቶቹ "ከእንግዲህ አያስፈልጉም" ተብለው ተጥለዋል። ዲቪዲው ላይ ያለው ምስል በጣም የተጨመቀ ስለሆነ ዛሬ ትልቅ ስክሪን ላይ ሲታይ የሰው ፊት አይለይም። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። በእጃችን የነበረው "ውል" አንድ ደረሰኝ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሙሉውን ከመስጠታችሁ በፊት መቶ ገጽ ብቻ ሰጥታችሁ ሞክሩ። ዋናው ዕቃ እንዲመለስ፣ ዋናው ፋይል ሳይጨመቅ እንዲሰጥ፣ ካስረከቡ በኋላ እነሱ ጋ ያለው ቅጂ እንዲጠፋ አስጽፉ። የሚቻል ከሆነ መሣሪያቸውን ይዘው ግቢ መጥተው ይሥሩ። ደግሞ አስታውሱ፣ ስካን እንጂ መግለጫ አይሠሩላችሁም። ፎቶው ላይ ያለው ማን ነው፣ መቼ ነው፣ የት ነው የሚለው የእናንተ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

## መንገድ ሦስት፦ በጥምረት

የጥቁሮች ኮሌጆች ቤተ መጻሕፍት ጥምረት በ2002 ተመሠረተ። አባል ኮሌጆች ስለ አመሠራረታቸው የሚናገሩ ሰነዶችን አውጥተው አንድ የጋራ ዲጂታል ስብስብ ሠርተዋል። ስብስቡን የሚያስተናግደው አትላንታ ያለው ውድረፍ ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህ ቤተ መጻሕፍት ራሱ የጋራ ነው። ክላርክ አትላንታ፣ ሞርሃውስ፣ ስፔልማንና አንድ የሥነ መለኮት ማዕከል ይገለገሉበታል። የኪንግ ሰነዶችም የሚጠበቁት እዚያ ነው።

እኔ ለብዙው ኮሌጅ ልቤ የሚያዘነብለው ወደዚህ ነው። ለእኛ ሰው ነገሩን ማስረዳት አይከብድም፤ ከዕድር ጋር ይመሳሰላል። ለብቻው አንድ ኮሌጅ ሰርቨርና ባለሙያ ማቆም ያቅተዋል። ሃያ ሲሆኑ ይችላሉ። ዕቃው በየቤቱ ይቆያል፣ መብቱም በየቤቱ ይቆያል፣ ማሳያው መድረክ ብቻ የጋራ ይሆናል። ከትልቅ ድርጅት ጋር ሲደራደሩም አንድ ትንሽ ኮሌጅ ከሚናገር ሃያ ሆነው ሲናገሩ ይሰማሉ።

ጉድለቱ ወረፋ ነው። ሁሉም እኩል አይፈጥንም። መግለጫው በጋራ ደንብ ስለሚጻፍ የየኮሌጁ ልዩ ነገር ሊሳሳ ይችላል። የጋራ መድረኩ በለጋሽ ገንዘብ የቆመ ከሆነም ለጋሹ ሲያቆም ምን ይሆናል የሚለው መጠየቅ አለበት። በ2025 የፌዴራሉ የሰብዓዊ ጥናት ድጋፍ ሰጪ ተቋም አንዴ የፈቀዳቸውን ብዙ ድጋፎች ሲሰርዝ አይተናል። ስለዚህ በጥምረት ውስጥ ብትሆኑም የዋናው ፋይል አንድ ቅጂ ግቢያችሁ ይኑር።

## መንገድ አራት፦ "በነጻ" የሚሠራ የንግድ ኩባንያ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ፤ በጣም የሚለያዩ ውሎች በአንድ ስም ይጠራሉና።

አንዱ ዓይነት ገቢ መጋራት ነው። በ2022 የፎቶ ሽያጭ ኩባንያው ጌቲ ኢሜጅስ አራት ኮሌጆችን መርጦ ፎቶዎቻቸውን ዲጂታል የማድረግ ድጋፍ ሰጠ። ክላፍሊን፣ ጃክሰን ስቴት፣ ኖርዝ ካሮላይና ሴንትራልና ፕሬሪ ቪው ናቸው። ሲታወጅ በተነገረው መሠረት የቅጂ መብቱ ከኮሌጆቹ ጋር ይቆያል። ፎቶው ሲሸጥ ከሚገኘው ገቢ 50 በመቶው ለኮሌጆቹ ነው፣ 30 በመቶው ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ፣ 20 በመቶው ለቀጣይ ድጋፍ። መብት ከባለቤቱ ሳይወጣ ኩባንያ ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ከዚህ ያነሰ ውል ይዞ ለሚመጣ ሌላ ኩባንያ "ይህን የሰጡ አሉ" ማለት ትችላላችሁ።

ሌላው ዓይነት የዓመት መጽሐፎችን (የተማሪዎች ፎቶና ስም በየዓመቱ የሚታተምባቸውን) እና የተማሪ ጋዜጦችን በነጻ ስካን አድርጎ በአባልነት ክፍያ ውስጥ የሚያስገባ ነው። የዘር ሐረግ ፈላጊዎች ከፍለው ያያሉ። ስካኑ በነጻ ነው፤ ዋጋው ግን በሌላ መልክ ይከፈላል። ለተወሰኑ ዓመታት ኮሌጁ ራሱ በገዛ ድረ ገጹ እንዳያወጣ የሚከለክል አንቀጽ ካለ ዓመቱን ቁጠሩ። ኮሌጁ የሚቀበለው ፋይል ትንሹ ነው ወይስ ትልቁ? ምስሉ ላይ የኩባንያው ስም ታትሟል? ኩባንያው ቢሸጥ ውሉ ለገዢው ይተላለፋል?

አንድ አዲስ ነገር ልጨምር። ዛሬ ፎቶና ጽሑፍ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ ይውላሉ። ውሉ "ለማንኛውም ዓላማ" የሚል ከሆነ ያም ተካቶ ሊተረጎም ይችላል። ካልፈለጋችሁ በግልጽ አስወጡት። ከፈለጋችሁም ለብቻው በዋጋ ተነጋገሩበት።

## መንገድ አምስት፦ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ወይም ሙዚየም ጋር

በ2023 የሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ከላይ ካነሳሁት ጥምረት ጋር የአራት ዓመት፣ የ6 ሚሊዮን ዶላር ሥራ መጀመሩን አስታወቀ። የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየምም ክላርክ አትላንታን፣ ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤምን፣ ጃክሰን ስቴትን፣ ቴክሳስ ሳዘርንንና ተስኪጊን ይዞ የጋራ ሥራ ይሠራል።

ገንዘብ አለ፣ ባለሙያ አለ፣ መሣሪያ አለ። የማየው ስጋት የስም ነው። ተማሪ በኢንተርኔት ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው የትልቁን ተቋም ገጽ ከሆነ ሰነዱ የዚያ ተቋም ይመስለዋል። መጽሐፉ ላይም እንደዚያ ይጠቅሰዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ትንሹ ኮሌጅ ይረሳል። ስለዚህ ማሳያው ገጽ ላይ "ንብረትነቱ የእገሌ ኮሌጅ" የሚለው እንዴት እንደሚጻፍ፣ ማስፈንጠሪያው ወደ ማን እንደሚመራ አስቀድሞ ይነገር። ገንዘቡ በጥምረቱ በኩል ሲመጣ የኮሌጆቹ ድምፅ የተሻለ ይጠበቃል ብዬ አምናለሁ።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መንገድ | የመጀመሪያ ወጪ | ዋናው ፋይል | የመብት ስጋት | ፍጥነት | ሕዝብ በነጻ ያያል? |
|---|---|---|---|---|---|
| በራስ ቤት | ከፍተኛ | ኮሌጁ ጋ | በጣም ትንሽ | ዝግተኛ | ኮሌጁ ይወስናል |
| በክፍያ ማሠራት | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ከተጻፈ ኮሌጁ ጋ | ትንሽ | ፈጣን | ኮሌጁ ይወስናል |
| በጥምረት | ዝቅተኛ | ኮሌጁና ጥምረቱ ጋ | ትንሽ | በወረፋ | አብዛኛውን ጊዜ አዎ |
| የንግድ ኩባንያ | ምንም ወይም ጥቂት | ውሉ ይወስናል | ከፍተኛ፣ እንደ ውሉ | በጣም ፈጣን | ብዙ ጊዜ በክፍያ |
| ትልቅ ተቋም | ዝቅተኛ | ሁለቱም ጋ | መካከለኛ፣ በተለይ የስም | መካከለኛ | አብዛኛውን ጊዜ አዎ |

## ለማን የትኛው?

ገንዘብም ሰውም የሌለው ትንሽ ኮሌጅ ጥምረት ይግባ። እስከዚያው ምንም አይፈርም። በችግር ጊዜ የሚፈረም ውል ይከብዳል። ፊስክ ዩኒቨርሲቲን አስታውሱ። ሠዓሊዋ ጆርጂያ ኦኪፍ በ1949 የሰጠችውን የሥዕል ስብስብ ገንዘብ ሲያጥረው ለዓመታት ፍርድ ቤት ተከራክሮበት በመጨረሻ በ2012 የስብስቡን ግማሽ ድርሻ በ30 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ የአርካንሳስ ሙዚየም ሸጠ። ስብስቡ አሁን በሁለቱ መካከል ይመላለሳል።

አንድ የተወሰነ ስጦታ ያገኘ ኮሌጅ፣ ለምሳሌ ከተመራቂዎች፣ በክፍያ ያሠራ። ግን ከገንዘቡ ላይ ለማስቀመጫና መግለጫ ለሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ይቀንስ። ሃዋርድ ከሁለት ሺህ በላይ የጥቁሮች ጋዜጣ ርዕሶችን የያዘ ስብስቡን ዲጂታል ለማድረግ 2 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አግኝቷል። ጋዜጣ ብቻ ይህን ያህል ይጠይቃል።

ታዋቂ ፎቶ ያለው ኮሌጅ፣ የስፖርት፣ የሙዚቃ፣ የመብት ትግል፣ ገቢ መጋራትን ሊያስብ ይችላል። የሚሰጠው ፈቃድ ብቸኛ ያልሆነ፣ ዓመቱ የተወሰነ ይሁን። ሁሉንም በአንዴ አትስጡ፤ በአምስት መቶ ፎቶ ጀምሩ።

ቋሚ ባለሙያ ያለው ትልቅ ኮሌጅ በራስ ቤት ይሥራ፣ ቴፕና ፊልሙን ብቻ ውጭ ያሠራ። የቴፕ ማጫወቻው መሣሪያ ራሱ ከገበያ እየጠፋ ነው።

## ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት

ውሉን የቅጂ መብት የሚያውቅ ጠበቃ ይየው። ወጪ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ነው። ከሁሉ በላይ የመውጫውን አንቀጽ ያንብብ። ውሉ ሲያበቃ ፋይሉ በምን ዓይነት ቅርጽ፣ በስንት ቀን፣ በማን ወጪ ይመለሳል? መግለጫውስ አብሮ ይመለሳል? ፎቶ ያለ ስም ቢመለስ ግማሹ ቀረ ማለት ነው።

የተማሪ ውጤትና የሕክምና ወረቀት ያለበት ሣጥን ለብቻው ይለይ። የትምህርት መዝገብን የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ከ1974 ጀምሮ አለ። ማንም በነጻ ቢያቀርብላችሁም ያ ሣጥን አይወጣም።

የስጦታ ወረቀቶችንም አገላብጡ። ሰጪው በ1962 "ለምርምር ብቻ" ብሎ ፈርሞ ከሆነ ኮሌጁ እሱን ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት፣ ለኩባንያም ለመስጠት ፈቃድ ላይኖረው ይችላል። ሰጪው ወይም ልጆቹ በሕይወት ካሉ ደውሉ። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል። ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስምም የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ውሉ እስኪያልቅ ግን ሥራው አይቁም። ዛሬውኑ የሣጥኖቹን ዝርዝር በአንድ ሠንጠረዥ ጻፉ፤ ሣጥን ቁጥር፣ ውስጡ ምን፣ ከማን የመጣ፣ የስጦታ ወረቀት አለ ወይስ የለም። ቴፕና ፊልሙን ከላይ አድርጉ። ፊልሙ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ መበላሸት ጀምሯል፤ እሱ ከሌሎቹ ይለይ፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፣ ወረፋውንም እሱ ይቅደም።